የ39 ድርሃሙ ቡፌ እና የ24 ዓመቱ ልዩነት

 

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የሚጀምረው በምግብ ነው፣ ግን እንደምታውቁኝ ዞሮ ዞሮ ታሪክ ውስጥ መግባቱ አይቀርም።

ግንቦት ላይ አንዲት ተማሪዬ ከክፍል ስወጣ በር ላይ ጠብቃኝ "ቲቸር፣ አረብ አገር የሚልከኝ ደላላ አግኝቻለሁ። ልሂድ ወይስ ልማር?" ብላ ጠየቀችኝ። "እስኪ አስቢበት" ብዬ አለፍኳት። እውነቱን ልናገር፣ ሸሸኋት። "አትሂጂ" እንዳልላት እኔ ራሴ የተማርኩት ሄዳ በሠራች ሰው ገንዘብ ነው። "ሂጂ" እንዳልላት ደግሞ የሄደችው ሰው ምን እንዳየች አውቃለሁ። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ያልሰጠኋት መልስ ነው።

ሐምሌ ላይ ታላቅ እኅቴ ቪዛና ቲኬት ልካልኝ ለሦስት ሳምንት ዱባይ ሄጄ ነበር። (ይህን ከወዲሁ የምናገረው ደመወዜን የምታውቁ ሰዎች "መምህሩ ከየት አምጥቶ?" እንዳትሉ ነው።) እታለም ነው የምላት። በ1998 ዓ.ም ከ10ኛ ክፍል በኋላ ትምህርቷን ትታ መጀመሪያ ቤይሩት ሄደች፤ ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ዱባይ ናት። የእኔ ዲፕሎማ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ይሁን እንጂ የኮሌጁን ወጪ የሸፈነችው እሷ ናት።

እሁድ የእረፍት ቀኗ ነው። ጠዋት "ዛሬ የአቴ ልደት ነው፣ ምሳ ጋብዛናለች" አለችኝ። አቴ ማናት ስላት ለካ ፊሊፒናዊት ጓደኛዋ ናት። በእነሱ ቋንቋ ታላቅ እኅት "አቴ" ትባላለች። የእኛ "እቴ" እና የእነሱ "አቴ" በአጋጣሚ የገጠሙ ቃላት ናቸው፤ ዝምድና የላቸውም። ግን ሁለቱ ሴቶች "አቴ"፣ "እቴ" እየተባባሉ ሲጠራሩ ስትሰሟቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስሏችኋል።

የሄድነው ሳትዋ ወደሚባል ሰፈር ነው። ዱባይን በፎቶ የምታውቋት ከሆነ ሳትዋ የፎቶው ጀርባ ነው በሉት። ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ፀጉር ቤቶች፣ ገንዘብ የሚላክባቸው ሱቆች፣ እና ፊሊፒናውያን በብዛት። ምግብ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ክዳን ያላቸው ትሪዎች ተደርድረዋል። ለአንድ ሰው 39 ድርሃም፣ እስክትጠግብ ብላ ነው ደንቡ። ግድግዳው ላይ ግን "ሳህን ላይ የተረፈ ምግብ ያስከፍላል" የሚል ማስታወቂያ አለ።

እኔም እንደ አገሬ ሰው በይሉኝታ አንድ ጭልፋ ሩዝ፣ አንድ ጭልፋ ወጥ ይዤ ተቀመጥኩ። እታለም ሳህኔን አየት አድርጋ "ማሙሽ፣ ይሉኝታህን ተወው፤ ተከፍሎበታል እኮ!" አለችኝ። አቴ ሳቀችና እሷም የምታውቀውን ነገረችን። በእነሱ አገር "ሂያ" የሚባል ነገር አለ፤ ማፈር፣ ሰው ምን ይለኛል ማለት። ያው የእኛው ይሉኝታ ነው። ከዚያ "ካይን ታዮ!" አለች። "እንብላ" ማለት ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ የሚበላ ሰው በአጠገቡ የሚያልፈውን ሁሉ እንዲህ ይላል፤ እንደ እኛ አገር ባይኖርም እንኳ "እንብላ" ይባላል።

የፈራሁትን ጥያቄም ቀስ ብዬ ጠየቅሁ። "የአሳማ ሥጋ አለበት?" የለበትም። አቴ አገር ድፍን አሳማ በፍም ጠብሶ ማቅረብ የድግስ ሁሉ አለቃ ነው። ዱባይ ግን አሳማ ለመሸጥ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህ ቤት ፈቃዱ የለውም። ተመስገን ብዬ ተነሣሁና ሁለተኛውን ሳህን ሞላሁ።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ጋ ይጀምራል። (ከዚህ በኋላ "ዓ.ም" ስል የእኛን አቆጣጠር፣ "እ.ኤ.አ." ስል የአውሮፓውያኑን ነው። ፈተና ላይ እንዳታደባልቁ የምላችሁን እኔም ላክብረው።)

የመጀመሪያው ትሪ ላይ "ሲኒጋንግ" አለ፤ በሁመር ፍሬ የጎመዘዘ ሾርባ ነው። ይህ ማንም ሳይመጣባቸው በፊት የነበረ የራሳቸው ምግብ ነው። ቀጥሎ "አዶቦ"፤ በኮምጣጤ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በቁንዶ በርበሬና በሶያ ሶስ የበሰለ ዶሮ። አዶቦ ስሙ ስፓኒሽ ነው። አሠራሩ ግን የአገሬው ነው፤ በዚያ ሙቀት ሥጋ እንዳይበላሽ በኮምጣጤና በጨው ማብሰል ድሮም ያውቁበት ነበር። ስፔኖቹ መጥተው ሲያዩ የራሳቸውን ምግብ ስለመሰላቸው አዶቦ አሉት፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ሶያ ሶሱን ያመጡት ደግሞ የቻይና ነጋዴዎች ናቸው።

ሦስተኛው "ፓንሲት" ነው፤ ቀጭን ኑድል ከአትክልት ጋር የተጠበሰ። ቃሉም ምግቡም ከደቡብ ቻይና የመጣ ነው። በልደት ቀን ይበላል፣ ክሩ ሲረዝም ዕድሜም ይረዝማል ይላሉ። አቴ ለእኔም ለእኅቴም በራሷ እጅ ጨመረችልን፤ "እንዳትቆርጡት" አለች። "ሉምፒያ" የሚባለው ጥብስ ጥቅልል የእኛን ሳምቡሳ ያስታውሳል፤ እሱም ከቻይና ነው።

ከዚያ "ካልደሬታ"፤ የበሬ ሥጋ በቲማቲምና በድንች። ይኸኛው የስፔን ነው፤ ቲማቲሙና ድንቹ ግን የስፔን አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከ1565 እስከ 1815 ድረስ፣ 250 ዓመት ሙሉ፣ በማኒላና ሜክሲኮ ባለው የአካፑልኮ ወደብ መካከል የስፔን መርከቦች ይመላለሱ ነበር። ከእስያ ሐር፣ ቅመምና ሸክላ ይሄዳል፤ ከአሜሪካ ብር ይመጣል። ከብሩ ጋር በቆሎ፣ ቲማቲም፣ ለውዝ፣ ካካዎ አብሮ መጣ። "ካሬ ካሬ" የሚባለው የበሬ ጭራ ወጥ መረቁ የሚወፍረው በለውዝ ነው፤ ለውዙ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው።

"እነሱ የራሳቸው የላቸውም እንዴ?" እንዳትሉ። የእኛ በርበሬም አሜሪካ የተገኘ ተክል ነው፤ ባሕር ተሻግሮ ነው የመጣው። ድንች በ19ኛው መቶ ዘመን ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ እንዳስገባው ይነገራል። ፓስታ በሥጎውንም ማን እንዳመጣው ታውቃላችሁ። ወራሪ ይሄዳል፣ ማብሰያው ይቀራል።

መጨረሻ ላይ ስፓጌቲ አለ። ቀመስኩት፤ ይጣፍጣል ስላችሁ ቅመም ያለው እንዳይመስላችሁ፣ እንደ ሻይ ጣፋጭ ነው! ውስጡ ቋሊማ ተከትፎበታል። ስፓጌቲና ቋሊማውን ያስለመዳቸው አሜሪካ ነው። ጣፋጩ ቀይ ስጎ ደግሞ የሙዝ ካቻፕ ነው። ከዚህ ካቻፕ ጋር ስሟ የሚነሣው ማሪያ ኦሮሳ የምትባል የምግብ ኬሚስት ናት፤ ከውጭ የሚገባውን ዕቃ በአገር ውስጥ ምርት ለመተካት ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1945 በማኒላ ጦርነት ሞተች። ለጣፋጭ ያቀረቡት "ሃሎ ሃሎ" የተፈጨ በረዶ፣ ጣፋጭ ባቄላና የቆርቆሮ ወተት ያለበት ነው። የበረዶው ሐሳብ የጃፓን ስደተኞች፣ የቆርቆሮው ወተት የአሜሪካ ነው። "ሃሎ ሃሎ" ማለት ራሱ "ድብልቅልቅ" ማለት ነው።

ቡፌውን ከዳር እስከ ዳር ስትሄዱበት የፊሊፒንስን ታሪክ በምዕራፍ በምዕራፍ እንዳነበባችሁ ይቆጠራል።

አሁን ክፍል ውስጥ ላስተማርኳችሁ አንድ ነገር ልጨምር። 1888 ዓ.ም ስል ምን ትላላችሁ? አድዋ! የካቲት 23። ጎበዞች። በዚያው በ1888 ዓ.ም፣ ነሐሴ ላይ፣ ፊሊፒንስ ውስጥ በአንድሬስ ቦኒፋሲዮ የሚመሩ ሰዎች ስፔን የሰጠቻቸውን የግብር ወረቀት ቀድደው ለአመፅ ተነሡ። አድዋና የፊሊፒንስ አብዮት በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ የሆኑ ነገሮች ናቸው። እኔ ይህን ያወቅሁት መምህር ከሆንኩ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ የመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ የለም።

የእነሱ መጨረሻ ግን እንደ እኛ አልሆነም። በታኅሣሥ 1889 ዓ.ም ደራሲና ሐኪም የነበረውን ሆሴ ሪዛልን ስፔን በጥይት ገደለችው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1898 ነፃነታቸውን አወጁ። ነገር ግን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ስፔንና አሜሪካ ፓሪስ ላይ ተዋዋሉና ስፔን በ20 ሚሊዮን ዶላር አገሪቱን ለአሜሪካ አስረከበች። ፊሊፒናውያኑ በውሉ ጠረጴዛ ዙሪያ አልነበሩም። የውጫሌን ውል የተማራችሁ ልጆች፣ ይህ ነገር አንድ ነገር አያስታውሳችሁም? እኛ አንቀጽ 17ን አንቀበልም ብለን ተዋግተን አሸነፍን። እነሱም ተዋጉ፤ ግን ተሸነፉ። እስከ 1946 እ.ኤ.አ. ድረስ በአሜሪካ ሥር ኖሩ፣ በመሃልም ጃፓን ገብታባቸው ነበር።

ይህን ሁሉ ለአቴ ነገርኳት፤ እታለም ታስተረጉመኛለች። አቴ በጥሞና ሰማችኝና "ታዲያ እናንተ አሸንፋችሁ ከሆነ የእኅትህ ደመወዝ ለምን ከእኔ ያንስ ነበር?" አለችኝ።

እታለም ሳትስቅ ነው ያስተረጎመችልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ የተዋወቁት በ2003 ዓ.ም አንድ ቤት ሲሠሩ ነው። አንድ ማድ ቤት፣ አንድ የመኝታ ክፍል፣ አንድ ዓይነት ሥራ። የአቴ ደመወዝ 1,500 ድርሃም ነበር፤ የእኅቴ 700። እታለም እንዲያውም ከአቴ በፊት ተነሥታ ቁርስ የምትሠራው እሷ ነበረች። ለስምንት ወር ያህል ልዩነቱን አላወቀችም። አንድ ቀን አቴ "ውልሽን እስኪ አሳዪኝ" አለቻት። እኅቴ የፈረመችው ወረቀት በአረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። ኮፒውም እጇ ላይ አልነበረም።

እኔ ያን ጊዜ ኮሌጅ ነኝ። በየወሩ የሚላክልኝ ብር ከዚያ 700 ድርሃም ላይ የሚቆረጥ መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ቡፌ ላይ፣ ፓንሲት እየበላሁ ነው። ምን ልላችሁ፣ ምግቡ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ፊሊፒናውያን የበለጠ ጠንካሮች ስለሆኑ ነው? አይደለም። እንግሊዝኛ ስለሚችሉ ነው? እሱም ድርሻ አለው፤ ትምህርት ቤቶቻቸውን በእንግሊዝኛ ያቆሙት አሜሪካኖች ናቸው። ዋናው ግን ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲሰቀል የባሕረ ሰላጤው አገሮች በገንዘብ ተጥለቀለቁ፣ ሠራተኛም ፈለጉ። ፊሊፒንስ በማርኮስ አገዛዝ ሥር ናት፤ ሥራ የለም፣ የውጭ ምንዛሪ የለም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 1974 የሠራተኛ ሕግ ወጣ። ሕዝብን ለሥራ ወደ ውጭ መላክ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር እንዲሆን ያደረገው ይህ ሕግ ነው። ጊዜያዊ መፍትሔ ነው ተብሎ ነበር፤ ይኸው ከ50 ዓመት በላይ ሆነው።

በዚያው ዓመት እኛ ምን ላይ ነበርን? 1966 ዓ.ም ነው፤ አብዮት ላይ። ከዚያ የደርግ ዘመን መጣ፤ የመውጫ ቪዛ ካልተፈቀደ ከአገር መውጣት አይቻልም። ዜጎችን ለውጭ ሥራ የሚያገናኙ የግል ኤጀንሲዎችን የሚመለከት አዋጅ ያወጣነው በ1990 ዓ.ም ነው፤ አዋጅ ቁጥር 104/1990። እ.ኤ.አ. 1998 መሆኑ ነው። ከ1974 ቀንሱት። 24 ዓመት።

በ24 ዓመት ውስጥ እነሱ ምን ሠሩ? ማንም ከመሄዱ በፊት የግዴታ ገለጻ እንዲወስድ አደረጉ። ኤምባሲዎቻቸው ውስጥ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ከፈቱ፤ ውሉ እዚያ ይመረመራል። በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ፣ ለቤት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ በወር 400 ዶላር ይሁን ብለው ወሰኑ። 400 ዶላር ወደ 1,470 ድርሃም ገደማ ነው። የአቴ 1,500 ከሰማይ አልወረደም፤ ከኋላዋ ወረቀት ነበረ።

ፊሊፒንስን ገነት አድርጌ ልስልላችሁ አይደለም። ያ ወረቀት በደም የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1995 ፍሎር ኮንተምፕላሲዮን የምትባል የቤት ሠራተኛ ሲንጋፖር ውስጥ በስቅላት ተቀጣች። አገሩ በሙሉ በቁጣ ተነሣ፣ መንግሥታቸው ተናወጠ፤ በዚያው ዓመት በውጭ የሚሠሩ ዜጎችን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። የቤት ሠራተኞችን መብት የሚመለከተውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2012 ከኡራጓይ ቀጥላ በሁለተኛነት ያጸደቀችውም ፊሊፒንስ ናት። ከዚያም በኋላ ግን ሬሳ በሣጥን መመለሱ አልቆመም። አቴ ራሷ ሃያ ዓመት ሠርታለች። "ደመወዜን ሕጉ አስከበረልኝ። ልጆቼን ግን ያሳደገችልኝ እናቴ ናት። ትንሹ ልጄ በስልክ ነው የሚያውቀኝ" አለችን።

እኛስ ሐዘን አጥተን ነው? በ2006 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ሳዑዲ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችንን የመለሰች ጊዜ ቦሌ ምን እንደሚመስል የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። መንግሥት ያኔ ጉዞውን አገደ፤ እገዳው በሩን ዘጋ፣ ደላላው ደግሞ መስኮት ከፈተ። በ2008 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 923 ወጣ፤ ሥልጠና፣ የብቃት ማረጋገጫ፣ በሁለት መንግሥታት ስምምነት ላይ የቆመ ስምሪት የሚል። እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም ነው። መንገዱ ተጀምሯል ማለት ነው፤ ግን ዘግይተን ነው የጀመርነው፣ ብዙ ልጆችም ዛሬም በጎን ነው የሚሄዱት።

አድዋን ለማሳነስ እንዳልሆነ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። በየዓመቱ የካቲት ላይ ድምፄ እስኪዘጋ የማስተምረው እኔ ነኝ። ግን አድዋ ለእኅቴ ክብር ሰጣት እንጂ የምትፈርመውን ውል አላነበበላትም። ያን የሚያነብ የተማረ ሰው፣ የሚያስከብር ቢሮ፣ "ከዚህ በታች አንልክም" የሚል መንግሥት ያስፈልጋል። ፊሊፒናውያን ጦርነቱን ተሸነፉ፤ ይህን ግን ቀድመውን ሠሩ።

ምሳው ሲያልቅ እታለምን "ለምንድን ነው ይህን ያህል ቡፌ የምትወዱት? ዴይራ ሄደን የአገር ቤት ምግብ አንበላም ነበር?" አልኳት። ያለችኝን እንዳለች ልጻፈው፦ "ማሙሽ፣ ስንት ዓመት የምበላውን ሰው ሲቆጥርብኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስንት እንቁላል ጠፋ፣ ወተቱ ለምን ጎደለ እየተባልኩ። እዚህ ግን ተቀምጬ ነው የምበላው፣ ማንም አይቆጥርብኝም።" አቴ ቋንቋው ባይገባትም ፊቷን አይታ ገባት መሰለኝ፣ እጇን ያዘቻት። ሁለቱም ዛሬ ከዚያ ቤት ወጥተዋል፤ እታለም የተሻለ ቦታ ነው የምትሠራው። ሒሳቡ 117 ድርሃም መጣ። እኔ ልክፈል ብዬ ኪሴን ስነካ ሁለቱም ሳቁብኝ።

እና ተማሪዬ፣ መልሴ ይኸው።

አትሂጂ ብዬ አልፈርድብሽም፤ በሄደች ሰው እንጀራ ያደግኩ ነኝ። ግን በዚያ ደላላ አትሂጂ። በጎን የሄደች ልጅ ስትበደል የምታሳየው ወረቀት የላትም። ከቻልሽ 12ኛን ጨርሺ፤ ለፈተናው ብቻ ሳይሆን የምትፈርሚውን ነገር ራስሽ እንድታነቢ። መሄድሽ የግድ ከሆነ በሕጋዊው መንገድ፣ ሠልጥነሽ ሂጂ። ውልሽን ሳታነቢ አትፈርሚ፤ ካልገባሽ ይዘሽልኝ ነዪ፣ መዝገበ ቃላት ይዘን አብረን እናነባለን። የውልሽንና የፓስፖርትሽን ኮፒ ለእናትሽ ተዪላት። ደመወዝሽ በራስሽ ስም ባንክ ይግባ። እዚያ ስትደርሺ ደግሞ አጠገብሽ ያለችውን ሴት፣ የየትም አገር ሰው ትሁን፣ "ያንቺ ስንት ነው?" ብለሽ ጠይቂ። እታለም ስምንት ወር ያጣችው ይህቺን ጥያቄ ባለመጠየቋ ነው።

እኔም ከመስከረም ጀምሮ የ1888ን ትምህርት ሳስተምር ከአድዋ ቀጥዬ አሥር ደቂቃ ለማኒላ እሰጣለሁ። የእንግሊዝኛ መምህራችንንም አንድ የሥራ ውል ክፍል ውስጥ አብረን እንድናነብ ለምኛቸዋለሁ፤ እሺ ብለውኛል።

በአረብ አገር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት ምን ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል? ከታች ጻፉልኝ፣ ክፍል ውስጥ አነብላቸዋለሁ። በይፋ መጻፍ የማትፈልጉ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ስማችሁን አላወጣም።

አቴ፣ ይህን ባታነቢውም እንኳን ተወለድሽ። ፓንሲቱን አልቆረጥኩትም።

ቸር ያሰማን።

መምህራችሁ